ሦስተኛው ቀን ላይ የተጣበቀው ጋዝ፦ ከሃይድሮሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሌን በምን እንደሸፈንኩ

ከቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ አንድ እግሬን የገንዳው ጠርዝ ላይ ሰቅዬ ቆሜያለሁ። በግራ እጄ የባለቤቴን ትንሽ መስተዋት ይዣለሁ፤ በቀኝ እጄ ቁስሉን የሸፈነውን የጋዝ ጨርቅ ጫፍ። ጋዙ ግን አይለቅም። የጠጣው ደም ደርቆ ካርቶን አስመስሎታል። ክሩ ከስፌቱ ክር ጋር ተጠላልፏል። ዳር ዳሩን የያዘው ፕላስተር ደግሞ ለቀዶ ሕክምናው ተላጭቶ እንደገና ማቆጥቆጥ የጀመረውን ፀጉር ነክሶ ይዟል። ትንሽ ሳብ አደረግኩት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጥርሴን ነክሼ ደገምኩት፤ ከሥሩ ትኩስ ደም ጠብ አለ።

ይህን የምጽፈው ያን ጠዋት እኔ ያላወቅኩትን ሌላ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። ሐኪም አይደለሁም። የራሴን ቁስል ለሦስት ሳምንት ያህል የተንከባከብኩ፣ በኋላም የአንድ ወዳጄን ጭንቀት የተካፈልኩ ታካሚ ነኝ። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ካላችሁ የእሱን ስሙ።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነበር። የዘር ፍሬን የሚከብቡ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸው ለማለስለሻ ያህል ጥቂት ፈሳሽ ይኖራል። ያ ፈሳሽ ሰውነት ከሚመጠው በላይ ሲጠራቀም የዘር ፍሬዎቹን የያዘው የቆዳ ከረጢት ያብጣል፤ ሃይድሮሲል የሚሉት ይህን ነው። የእኔ አያምም ነበር፤ ግን ለዓመታት ቀስ እያለ አድጎ ጡጫ አክሎ፣ ሱሪ እስከ መምረጥ አድርሶኛል። ሐኪሙ ከረጢቱን በትንሹ ቀደደና ፈሳሹን አፈሰሰ፤ ዳግመኛ የሚጠራቀምበት ቋት እንዳይኖር ሽፋኑን ገልብጦ ከኋላ ሰፋው፤ ቆዳውን ራሱ በሚሟሟ ክር ዘጋ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ በዚያው ቀን ማታ ቤቴ ተኛሁ።

ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ስለ ቁስሉ የሰፈረው አንድ መስመር ነበር፦ «ቁስሉን ንጹሕና ደረቅ አድርገው ይያዙ።» በዚህች አንድ መስመር ያልሠራሁት ስህተት የለም። ንጹሕ ሲለኝ አልኮል ገዛሁ። ደረቅ ሲለኝ ደረቅ ጋዝ በላይ በላዩ ደራረብኩ። እንዳይወድቅ ብዬ ሰፊውን ፕላስተር ከአንዱ ጭኔ እስከ ሌላው አሻግሬ ለጠፍኩት። ጋዙ ሲያልቅብኝ ጥጥ ጨመርኩበት። ሁሉም በቅን ልቦና ነበር፤ ቁስሉ ግን ቅን ልቦና አይቶ አይራራም።

ያን ጠዋት ጋዙን እንዳንጠለጠልኩ፣ ሰፊ ሱሪ አጥልቄ፣ እግሬን ከፈት ከፈት እያደረግኩ ፋሻ ወደሚቀየርበት ክፍል ሄድኩ። በዕድሜ ጠና ያሉ ነርስ ተቀበሉኝ።

«ጎተቱት እንዴ?» አሉኝ፣ ገና ሳያዩት።

«ትንሽ ብቻ፣ ሲስተር።»

«ትንሽ የሚባል የለም። ይተኙ።»

ለብ ባለ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) የራሰ ጋዝ በደረቁ ጋዝ ላይ አስቀመጡና ሌላ ታካሚ ለማየት ሄዱ። አሥር ደቂቃ ያህል ጣሪያ ጣሪያውን ስመለከት ቆየሁ። ሲመለሱ ደግመው አረጠቡት። ከዚያ የጋዙን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ወደ ላይ ሳያነሱት፣ ቆዳውን ተከትለው በስፌቱ መስመር አቅጣጫ ወደ ኋላ እያጠፉ ሳቡት። በሌላው እጃቸው ከፊቱ ያለውን ቆዳ ደገፍ አድርገዋል። ለቀቀ። ደም የለ፣ ሕመም የለ። ፕላስተሩንም እንደዚያው፤ ጠርዙን በቫዝሊን አለስልሰው፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ዝቅ አድርገው ላጡት።

«ጋዝ ቁስልን በቀጥታ አይነካም፤» አሉኝ የተነሳውን እያሳዩኝ። «በመሃል የማይጣበቅ ነገር ይግባ። ጋዙ ሥራው መጠጣት ነው፤ መንካት አይደለም።»

ቤት ደርሼ ነገሩን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። አዲስ ቁስል ያለማቋረጥ ትንሽ ትንሽ ያዣል። ደረቅ ጋዝ ደግሞ በሽመናው መካከል ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ እዡ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲደርቅ ማጣበቂያ ይሆናል። ጋዙን ስንነቅል አብሮ የሚመጣው ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ሊሸፍነን ይጎተት የነበረው አዲስ ቆዳም ነው። «ቁስል አየር አግኝቶ ይድረቅ» የሚለው የቆየ እምነትም ቢሆን ከተፈተነ ሰንብቷል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ የላይ ላይ ቁስል እንዲደርቅ ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ቁስሉ ይዘፈዘፍ ማለት አይደለም። በዚህ በኩል ደግሞ ሌላ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የቁስሉን ዓይነት ልለይ፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። በስፌት የተዘጋ ንጹሕ ቁስል ጠርዞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይገጥማሉ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የተደረገውን የመጀመሪያ ሽፋን ለእነዚያ ሰዓታት አትንኩት የሚባለው፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ደግሞ በሚወርድ ውሃ መታጠብ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ የምናደርገው ሽፋን ዋና ሥራው ጀርም ማገድ አይደለም፤ ጭን ለጭን ሲፋተግ የስፌቱ ጫፍ እንዳይላጥ፣ የቀረው ጥቂት እዥ ልብስ እንዳይነካ፣ ልብሱም እንዳይጣበቅ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ጋዝ አልቆልልም ነበር። አንዳንድ ሰው ፈሳሽ እንዲወጣለት ለአንድ ሁለት ቀን ቀጭን የጎማ ቱቦ ይተውለታል፤ የእሱ ጋዝ ቶሎ ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። የእኔ ቱቦ አልነበረውም።

ነርሷ ያስያዙኝ ቫዝሊን ጋዝ ነበር፤ ፓራፊን የተቀባ፣ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው፣ በእያንዳንዱ ፓኬት አንድ አንድ የታሸገ። ታሪኩን በኋላ ሳነብ ገረመኝ። ቱል ግራ በሚል ስም ያስተዋወቀው ኦጉስት ሉሚየር ነው፤ ከወንድሙ ከሉዊ ጋር በሲኒማ ፈር ቀዳጅነቱ የሚታወቀው ራሱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ፋሻ በተቀየረ ቁጥር እንዳይሰቃዩ ያዘጋጀው ነው። ያ ሰው ስለ ፊልሙ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ በበኩሌ ለጋዙ አመሰግነዋለሁ።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ሌላኛውን ጥፋት አጠፋሁ። አንድ ፓኬት ሙሉውን አጥፌ፣ ሦስት አራት ድርብ አድርጌ፣ ከስፌቱ በጣም ሰፍቶ እንዲተርፍ አድርጌ ለጠፍኩት። በማግስቱ ስከፍተው በስፌቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጥቶ፣ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት መስሎ ተሸብሽቧል። እዚያ አካባቢ ላብ አለ፣ ሙቀት አለ፤ በላዩ የቅባት ድርብርብ ሲጨመርበት ቆዳው ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል። ትክክለኛው አንድ ንብር ብቻ ነው፤ በመቀስ ተቆርጦ፣ ከስፌቱ በግራና በቀኝ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ብቻ የሚተርፍ። በላዩ አንድ ደረቅ ጋዝ። በቀን አንዴ፣ ወይም ሲርስና ሽንት ሲነካው ይቀየራል። መቀሱን አስቀድሜ በፈላ ውሃ እቀቅለው ነበር፤ እጄን ደግሞ በሳሙና እስከ ክርኔ።

ከሳምንቱ አጋማሽ በኋላ፣ እዡ ወደ ጥቂት ነጠብጣብ ሲወርድ፣ አንድ በኩሉ ልሙጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ፕላስቲክ ወዳለው የማይጣበቅ ንጣፍ ተሻገርኩ። ከቫዝሊን ጋዝ ይልቅ ይህን ወደድኩት፤ ቅባት የለው፣ ውስጥ ሱሪ አያበላሽ፣ ሲነሳም እንደ ወረቀት ቀለል ብሎ ይነሳል። ለብዙ እዥ ግን አይበቃም። ልሙጡ ፊት ወደ ቁስሉ መሆኑን እያያችሁ፤ እኔ አንድ ሌሊት ገልብጬው አድሬያለሁ።

ግልጽ የሆነውን፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠፈውን ስስ መሸፈኛም ሞክሬያለሁ። ውሃ አያስገባም፣ ቁስሉም በውስጡ ይታያል ስለተባልኩ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት አልቆየም። የከረጢት ቆዳ ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ሲሞቀው ይለቀቃል፤ በዚያ ላይ ሽብሽብና ፀጉር አለው። ማጣበቂያ የሚይዝበት ለጥ ያለ ስፍራ የለም። ይኸው መሸፈኛ ብሽሽት ላይ ለሚቀደድ ቀዶ ሕክምና፣ ለምሳሌ ቫሪኮሲል (የዘር ፍሬ ደም መላሽ ሥሮች እብጠት) ወይም የብሽሽት ቡአ ለተሠራለት ሰው፣ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቆዳው ጠፍጣፋ ነዋ። ከረጢት ላይ ግን ገንዘብ ማባከን ሆነብኝ። ቆዳው በስፌት ፋንታ በማጣበቂያ ሙጫ ለተዘጋለት ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ቅባት ሙጫውን ስለሚያላላው በላዩ አይቀባም።

እስካሁን ያወራሁት ቁስሉ ላይ ስለሚቀመጠው ነው። ከሁሉ የረዳኝ ግን እሱ አልነበረም፤ ከውጭ የሚይዘው ነው። ነርሷ ፕላስተሬን ላጥተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ቦታ ፕላስተር አያስፈልግም። ልብስዎ ይያዘው።»

የከረጢት ቆዳ ልል ነው። እጅ ላይ ደም ቢፈስ ሥጋውና አጥንቱ ከሥር ስለሚጫኑት ቶሎ ይቆማል። ከረጢት ውስጥ ግን ለሚያፈስ ጥቂት የደም ሥር የሚጫነው ነገር የለም፤ ደሙ ቦታ እያገኘ ይሰበሰባልና ጠንካራ የደም ቋጠሮ ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ካለፈ በኋላ በጣም ከሚታወቁት ችግሮች አንዱ ይህ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ወደ ላይ ማንሳትና በልኩ መጫን ነው። የማደርገው እንዲህ ነበር፤ አራት አምስት የታጠፉ ጋዞችን እከፍታለሁ፤ እያንዳንዱን በእጄ ጨምደድ አድርጌ አለቀዋለሁ፣ ሲቆለል እንደ ደመና ጎፍሮ ይቀመጣል። ስፖርተኞች የሚለብሱትን የከረጢት መደገፊያ አጠልቅና የማይጣበቀውን ንጣፍ በስፌቱ ላይ፣ ጉፍር ጋዙን በዙሪያውና በሥሩ አድርጌ ወደ ላይ እሰበስበዋለሁ። ጋዙ ስፖንጅ ይሆናል፤ ይደግፋል፣ ይጫናል፣ ፍትጊያም ያስቀራል። አንዲት ፕላስተር የለም። ሊቀየር ሲል ልብሱ ዝቅ ይላል፣ ሁሉም በራሱ ይወርዳል።

መደገፊያው ከሌለ ጠበቅ ያለ፣ የጭን እግር የሌለው ውስጥ ሱሪ ይሠራል። ሰፊውን ቁምጣ ዓይነት ግን ለጊዜው ተሰናበቱት። ልኩን ስትመርጡ አንድ ጣት በብሽሽታችሁ በኩል በቀላሉ ይግባ፤ የእኔ የመጀመሪያው ጠቦ ብሽሽቴ ላይ ቀይ መስመር አሰመረብኝ። ጥጥ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። እኔ ከሦስተኛው ቀን የተረፈ የጥጥ ጭራሮ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ እየተከተለኝ ነበር። ስተኛ ደግሞ ፎጣ ጠቅልዬ በጭኖቼ መካከል፣ ከከረጢቱ ሥር አደርግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጎ ማንሳትም እብጠቱን አበረደልኝ፤ በረዶ ግን በቀጥታ ቆዳ አይንካ። መደገፊያውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊትም ጭምር።

ስለ ማጽዳት ብዙ አልልም። አልኮሉን ነርሷ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጀርሙን ሲገድሉ የሚጠግነውንም አዲስ ሴል ይጎዳሉ። ንጹሕ የሚወርድ ውሃ ወይም ሳላይን ይበቃል። ሳላይን ሲያልቅብኝ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቼ አንድ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟበት፣ ከድኜ አቀዘቅዘውና በዚያው ቀን እጠቀምበት ነበር፤ የተረፈውን እደፋለሁ። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ የለም። ከታጠብኩ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠፍ ጠፍ አድርጌ፣ አሥር ደቂቃ እግሬን ከፍቼ በጀርባዬ እተኛለሁ። ዱቄት አልነሰነስኩም። የአንቲባዮቲክ ቅባትም ሳይታዘዝልኝ አልቀባሁም፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ኒዮማይሲን ራሱ ቆዳ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ፣ ያን ጊዜ ቀይ የሆነው በኢንፌክሽን ይሁን በቅባቱ መለየት ጣጣ ነው።

አሁን ስለ መስተዋቱ። በመስተዋት ቁስል መቀየር አይቻልም፤ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እጅ ይጋርዳል። ለአራት ቀን ግን ያለ መስተዋት ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ነበር። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ በሩን አንኳኩታ «እስቲ ልየው፤ ከእኔ ምን ትደብቃለህ?» አለች። አየችው። ሰባት ስፌት መሆኑን የቆጠረችው እሷ ናት፤ እኔ አምስት ነው የምል ነበር። ከታች ያለው አንዱ ትንሽ ከፈት ማለቱንም ያየችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሲያየው «ይህ በራሱ ይሞላል፣ ንጣፉን ቀጥሉ» አለን።

መቅላቱ እየሰፋ እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ማስመር ይመከራል፤ ሌላ ቦታ ይሠራል። ከረጢት ላይ ግን ቆዳው እየተሰበሰበና እየተለቀቀ መስመሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ባለቤቴ ያገኘችው ዘዴ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከመታጠብ በኋላ ሰውነቴ ሞቅ ባለበት፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነበር። ሦስት ቀን ጎን ለጎን ስናያቸው በዓይን የማይታወቀው ለውጥ ይታወቃል። ለሐኪም ለማሳየትም ይመቻል። ፎቶዎቹን ከሌላው ፎቶ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ይህን የምለው ስልኬን ለእህቴ ልጅ ካቀበልኩ በኋላ ነው።

ያስደነገጠኝና ኋላ ደህና መሆኑን ያወቅኩት ነገር ብዙ ነው። ከረጢቱ በአንደኛው ሳምንት እንደ ድሮው አብጦ ጠነከረ፤ «ውሃው ተመለሰ!» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እብጠቱ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ነው፤ ለመውረድ ሳምንታት ይፈጃል፣ የእኔ ሁለት ወር ወሰደ። ወይን ጠጅ የመሰለው ሰንበር እስከ ብልቴ ሥር ወጥቶ ከዚያ ወደ ቢጫ ተቀየረ። ጋዙ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ለአሥር ቀን ያህል ነበር።

ደህና ያልሆነው ደግሞ ይህ ነው። በሰዓታት ውስጥ የሚያድግ እብጠት፣ ጋዙን አርሶ የሚያልፍ ደም፣ መግል፣ ወደ ብሽሽትና ሆድ የሚሰፋ መቅላት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ሽንት መሽናት አለመቻል። በተለይ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ሆኖ እየበረታ ከሄደ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ፎርኒየ ጋንግሪን የሚባል፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አልፍሬድ ፎርኒየ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገለጸው፣ በዚያ አካባቢ በፍጥነት የሚሰራጭ ኢንፌክሽን አለ። ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ሰዓታት ይቆጠራሉ። ስኳር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ስኳር ስል ወዳጄ ትዝ አለኝ። የእኔ ነገር ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለልኝ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ የብልቱ ቆዳ ሸለፈቱ እየቆሰለ እየዳነ ጠብቦ ወደ ኋላ አልመለስ ስላለው በጎልማሳነቱ ተገረዘ።

«አንተ፣ ይህ ፋሻ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለኝ።

«መቼ ነው የታሰረው?»

«አምስት ቀኑ።»

ሲወጣ በሁለተኛው ቀን ይፈታል ተብሎ ተጽፎለት ኖሯል፤ ወረቀቱን አላነበበም፣ በቃልም የነገረው አልነበረም። ብልት ላይ ዙሪያውን የሚታሰር ተለጣጭ ፋሻ ከከረጢቱ ሽፋን የተለየ ነገር ነው። ከረጢት ላይ ያልጠበቀ ነው ችግሩ፤ እዚህ ግን የጠበቀ። «ጫፉ ምን ይመስላል?» አልኩት። አብጧል፤ ቀለሙ ግን እንደ ወትሮው ነው፣ ሲነካው ይሰማዋል፣ ሽንቱም ይወርዳል አለኝ። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቢሆን፣ ቢደነዝዝ፣ ቢቀዘቅዝ ወይም ሽንት ቢከለክለው ወዲያው መላላት ነበረበት። ለማንኛውም በዚያው ቀን ሄደ፤ በሳላይን አርሰው ፈቱለት፣ እብጠቱም በሁለት ቀን ጎደለ።

ከዚያ በኋላ ለእሱ የተሻለው ሽፋን ቫዝሊን ጋዝ ሆነ፤ በስፌቱ ዙሪያ አንድ ዙር ብቻ፣ ጫፉ ሳይገናኝ ትንሽ ክፍት ሆኖ፣ እብጠት ቢመጣ እንዳያንቀው። አዲስ የተጋለጠው የብልት ራስ ላይ ደግሞ ልብስ እንዳይጣበቅበት ስስ ቫዝሊን ይቀባ ነበር። በአራተኛው አምስተኛው ቀን ላይ የሚታየውን ቢጫ ስስ ሽፋን መግል መስሎት ሊፍቀው ነበር፤ እሱ ቁስል ሲድን የሚወጣ ፋይብሪን ነው፣ አይፋቅም። የሌሊቱንም ነገረኝ፤ ጤነኛ ወንድ በእንቅልፉ ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ ብልቱ ይቆማል፣ ስፌቱን ሲወጥረው ደግሞ ከእንቅልፍ ያባንናል። ከመተኛቱ በፊት ሽንቱን መሽናት፣ ሲነቃም ተነስቶ መራመድ ረዳው። ሲሸና ጠብታ እንዳይነካው ጋዙን በእጁ ሸሸት ያደርገዋል፤ ከራሰ ይቀይረዋል።

በአንጻሩ ቫዜክቶሚ፣ ማለትም ልጅ ላለመውለድ የዘር ቱቦን የመዝጋት ቀዶ ሕክምና፣ የተሠራለትን የቢሮ ባልደረባዬን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ቻይናዊው ሐኪም ሊ ሹንቺያንግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባመጣው ያለ ምላጭ ስልት ነው የተሠራለት፤ አንዲት ቀዳዳ፣ ስፌት የለ። አንድ ትንሽ ጋዝ፣ ጠበቅ ያለ ውስጥ ሱሪ፣ ሁለት ቀን፣ በቃ። እኔ የምዘረዝረውን ሁሉ ሲሰማ «ምን አድርገውህ ነው?» አለኝ።

ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ የምለው፦ የመጀመሪያውን ሽፋን ማን፣ በስንተኛው ቀን ይፈታዋል? ክሩ ይሟሟል ወይስ ይቆረጣል? ቆዳዬ በሙጫ ነው የሚዘጋው? ከመቼ ጀምሮ ውሃ ይነካዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ይህን ሳይናገር እንዳይገባ። መደገፊያውን፣ የማይጣበቀውን ንጣፍና የታሸገ ጋዙን አስቀድሞ ገዝቶ ልኩን ቤት ውስጥ ይሞክር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቆሞ ውስጥ ሱሪ መለካት አይመችም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስታጠብ እግሬ ሥር አንዲት ቡናማ ክር ውሃው ሲያሽከረክራት አየሁ። ፀጉር መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ቋጠሮ አላት፤ የመጀመሪያዋ ስፌት ናት። የተቀሩት ስድስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ባለቤቴ ስትቆጥር ነበር። የተረፈኝን የማይጣበቅ ንጣፍና ሁለት ፓኬት ቫዝሊን ጋዝ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ወዳጄ የደወለልኝ ቀን ማታ መጥቶ ወሰደው።